የባል ፈቃድ

ከወልቂጤ ተነስቼ ቡታጅራ አቅራቢያ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ የሄድኩት «ወንዶች በእናቶች ወሊድ ስላላቸው ተሳትፎ» የሬዲዮ ፕሮግራም ለመሥራት ነበር። ርዕሱ ከላይ የወረደ ነው፤ ያኔ ርዕስ ሁሉ ከላይ ነበር የሚወርደው። ላነጋግራት የቀጠርኳት አዋላጅ ግን አልነበረችም። ሐዋሳ ለሥልጠና ሄዳለች። የምን ሥልጠና እንደሆነ ጠየቅሁ። ስለ ወንዶች ተሳትፎ ነው።

የቀረው አንድ ወጣት አዋላጅ ብቻ ነው፤ እሱም ወንድ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ከትናንት ጀምሮ የምታምጥ ሴት ተኝታለች። ባሏ በሩን በሁለት እጁ ዘግቶ ቆሟል።

«አንተ ልጅ፣ ወንድ ሆነህ የኔን ሚስት አታይም!»

«ጋሼ፣ ምጡ ቆይቷል። የልጁን የልብ ምት ማዳመጥ አለብኝ። ከዘገየን ይታፈናል።»

«እንግዲያው ሆስፒታል ትሂድ።»

«እዚያም የዛሬው ተረኛ ወንድ ነው። አብረን ነው የተመረቅነው።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ምን ትላለህ?»

ጋዜጠኛ ስለሆንኩ አስተያየት አልሰጥም አልኩት። በሕይወቴ ከሰጠኋቸው መልሶች ሁሉ የማይረባው ይህ ነው።

ከውስጥ ጩኸት መጣ። «አንተ ሰውዬ! የምወልደው እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ነርሱን አስገባው፤ እምቢ ካልክ ና ራስህ አዋልደኝ!»

ባልየው እጁን አወረደ። አዋላጁ በጎኑ ሾልኮ ገባ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። አዋላጁ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። «ሴት ናት። እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ አሁን ሁለቱም ደህና ናቸው።» ባልየው እጁን ጨብጦ አልለቅ አለው። «ዶክተር፣ ዶክተር» ይለዋል።

መቅረጫዬን ሳቀርብለት ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንደ ባልነቴ ፈቅጄ ነው። ወንዶች እንዲህ መተባበር አለብን።»

እናቲቱን አስፈቅጄ ገባሁ። ሁሉንም ሰምታለች፤ ሕፃኗን ታቅፋ ትስቃለች።

«ይሄ በሬዲዮ ይወጣል?»

«እኔ የማወጣው የሆነውን ብቻ ነው» አልኳት።

«ፈቅጃለሁ ሲል በጆሮህ ሰምተህ የለ? እሱን አውጣለት። ሰውየው ነገ ገበያ መውጣት አለበት እኮ።»

ፕሮግራሙ «ባለቤቷ እንደገለጹት» ብሎ ጀመረ።