ለሳተ ሰው አንድ ነጥብ

የሄድኩ ማታ አባባ ከክፍሉ አልወጣም። ሻንጣዬ ታክሲ ላይ ሲጫን፣ እማዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሞ "በሰላም ግባ፣ እንዳትረሳን" ሲለኝ፣ እሱ ውስጥ ሆኖ የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ይሰማ ነበር። በሩን ገፋ አድርጌ "አባባ፣ ልሄድ ነው" አልኩት። "እሺ" አለ። በቃ፣ እሺ ብቻ። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ለሚሄድ ልጁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ የሰፈራችን የሳሙና ፋብሪካ ቡድን ወጌሻ ነበር። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን ይዞ እየሮጠ ሜዳ የሚገባው እሱ ነው። እኔ የዚያው ቡድን አጥቂ ነበርኩ። ግራ ጉልበቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ደህና አይደለችም፤ ከጨዋታ በፊት ሁሌ እሱ ነበር በዘይት የሚያሸኝ፣ ሌላ ሰው አያስነካም። ላለመውረድ የግድ ማሸነፍ ያለብን ቀን፣ ዜሮ ለዜሮ እያለን፣ መጨረሻው ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። እኔ መታሁ። ቋሚው መለሳት። ቡድኑ ወረደ፣ ትንሽ ቆይቶም ፈረሰ፤ አባባ ቦርሳውን አልጋ ሥር ከተታት። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴን ነክቶ አያውቅም፣ ከ"እሺ" እና ከ"አይ" ያለፈ ቃልም አልሰጠኝም። ሰፈሩማ ስሜን "ቋሚ" ብሎት አረፈው። ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ "ቋሚ፣ ዳቦ ቤቱን እንዳትስተው!" ይሉኛል። እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ አገሬን ጥዬ የወጣሁት ለዶላር ብቻ አይደለም።

እዚህ ኤርፖርት የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ወረቀቴን እያገላበጠ "ሥራህ ምን ነበር?" አለኝ።

"እግር ኳስ ተጫዋች።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ጎበዝ ነበርክ?"

ይሄንንም ይጠይቃሉ እንዴ! "እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ" አልኩት። አልገባውም፣ ማኅተሙን ግን መታልኝ።

ኦክላንድ የተከራየሁት የጋሽ ኃይሉን ጋራዥ ነው። ጋሽ ኃይሉ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ኢንጂነር ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ሩላቸው ግን አይጣል ነው።

"ኪችኑን ዩዝ ማድረግ ትችላለህ" አሉኝ የገባሁ ቀን። "ሽንኩርት መጥበስ ግን የለም። ቤቱ ይሸታል።"

"ጋሽ ኃይሉ፣ ያለ ሽንኩርት ወጥ እንዴት ይሆናል?"

"ሳላድ ብላ። ለኮሌስትሮልም ጥሩ ነው።"

"እርስዎስ ምንድን ነው የሚበሉት?"

"እኔማ እህቴ ከዩኒየን ሲቲ ወጥ ሠርታ ትልክልኛለች።"

ሳላዴን ይዤ ወደ ጋራዤ! ሽንኩርታቸውም እንደኛው አይደለም፣ ይጣፍጣል፣ ዓይንም አያስለቅስም። ሐምሌን በጋ ነው ይሉኛል፤ ከባሕሩ የሚመጣው ጉም ግን የእኛን ክረምት ያስንቃል። እዚያ የዘነበ ቀን ሰው "ግባ፣ ተጠለል" ይልሃል፤ እዚህ የሰው በረንዳ ላይ ብትጠለል ፖሊስ ኮል ይደረግብሃል።

ሥራዬ እዚሁ አጠገብ ኤመሪቪል በሚባል ከተማ ሸትል፣ ሰው ማመላለሻ አውቶቡስ፣ መንዳት ነው። ከባቡር ጣቢያ ቢሮዎቹ ጋ፣ ከቢሮዎቹ ባቡር ጣቢያ፤ ቀኑን ሙሉ ያንኑ መዞር። ሰው ሲገባ "ሃይ"፣ ሲወርድ "ታንክ ዩ"፣ ሌላ ጨዋታ የለም። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። ድካም ማለት እዚህ የገባኝ ነገር ነው፤ አገር ቤትማ ለካ ስንፍናን ነበር ድካም የምንለው።

አንድ ግሌን የሚባል አውስትራሊያዊ በሸትሌ ይመላለስ ነበር። ከእጁ የማትጠፋ ቀይ ኳስ አለችው፣ ክብ ሳትሆን እንደ ፓፓያ ሞላላ። አንድ ቀን ኳሷን ወንበር ላይ ረስቷት ወረደ። ብጣራ አልሰማኝም። ወረድኩና በዩኒፎርሜ፣ በዚያ በሥራ ጫማዬ፣ በፌርማታው መጠለያ ጣሪያ ላይ አሳልፌ መታሁለት፤ ዞር ሲል እጁ ውስጥ ገባችለት። ስንት ዓመት ኳስ ሳልነካ! ግሌን አፉን ከፍቶ ቀረ። "ቅዳሜ አላሜዳ ና" አለኝ። "ፉቲ እንጫወታለን።"

ፉቲ የሚሉት የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው። እግር ኳስ ይበሉት እንጂ በእጅ ይያዛል፣ በቡጢ ይመታል፣ ሰው ትከሻ ላይም ይወጣል፤ ዳኛው እያየ ዝም ነው። ግቡ መረብ የለው፣ አግዳሚ የለው፣ አራት ቋሚ ብቻ ተተክሏል፣ መሃል ሁለት ረጅም፣ ዳርና ዳር ሁለት አጭር። አራት! እኔን አንዱ አገር ያስለቀቀኝን ሰውዬ። የቡድኑ የመጀመሪያ ሐበሻ እኔ ሆንኩ። ማልያው እጅጌ የለውም፤ ቁምጣውንስ እማዬ አትየው። ጋሽ ኃይሉ ተቧጭሬ ስገባ ቢያዩኝ "ኳስ ነው ወይስ ጠብ?" አሉኝ። "ሁለቱንም ነው" አልኳቸው።

በመጀመሪያው ጨዋታዬ ኳሷን ከአየር ላይ ቀለብኳት። እንዲህ ስትይዝ ፊሽካ ይነፋልህና ማንም ሳይነካህ ትመታለህ፤ ያው ፍጹም ቅጣት ምት በሉት። መታሁ። ረጅሙ ቋሚ ላይ ድው! ራሴን ይዤ ሳሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀና ስል ነጭ ኮት የለበሰ የግብ ዳኛ አንድ ጣቱን ቀስሮ፣ ነጭ ባንዲራ አንስቶ ያውለበልባል፤ ጓደኞቼ መጥተው ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉኛል። ያሾፉብኝ መሰለኝና ደሜ ፈላ። ግሌንን ማልያውን ጨምድጄ ያዝኩት።

"ምን ያስደስታችኋል? ሳትኩ እኮ!"

"አዎ፣ ሳትክ" አለኝ ግራ ገብቶት። "ብታገባ ስድስት ነጥብ ነበር። ለሳተ አንድ ነው።"

"ቋሚ ቢመታም?"

"ቋሚ ቢመታም።"

ማልያውን ለቀቅኩት። ላቤን የምጠርግ መስዬ ፊቴን ሸፈንኩ፤ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እጫወታለሁ፤ ዕድሜዬም ጉልበቴም ተው ይሉኛል፣ ሰኞ ወደ ሸትሌ የምወጣው እያነከስኩ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ቤት እደውላለሁ። ሁሌ የምታነሳው እማዬ ናት። "አባባስ?" ስላት "ደህና ነው፣ ይኸው ሬዲዮውን ይሰማል" ትለኛለች። "እስኪ አቅርቢልኝ" ስላት "እጁ ሥራ ይዟል" ነው መልሷ። ሬዲዮ የሚሰማ ሰው በእጁ ምን ይሠራል? የአሜሪካው ነገር ሁሉ ቀርቶብኝ፣ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ "እንዴት ነህ?" ቢለኝ ነበር የምመኘው።

ባለፈው እሑድ ጉልበቴ አብጦ፣ በረዶ በፌስታል አስሬበት ደወልኩ። እንዲያው ጨዋታ ለማምጣት ብዬ ለእማዬ የፉቲን ሕግ ነገርኳት። "በስመአብ! ለሳተ ሰው ነጥብ?" አለች።

ከኋላዋ "ማነው እንደዚያ የሚለው?" የሚል ድምፅ መጣ።

"ልጅህ ነዋ! አውስትራሊያዎች እንደዚያ ናቸው ይላል።"

"እብዶች!" አለ አባባ። ድምፁ ቀረበ፤ ስልኩን ተቀብሏታል። "ከቋሚ የተመለሰችስ?"

"እሷም አንድ ነጥብ ናት፣ አባባ።"

ሬዲዮው ሲጠፋ ሰማሁ።

"እንደዚያማ ቢሆን ያኔ አንድ ለባዶ አሸንፈናል" አለ።

"አዎ፣ አባባ።"

እንዳይዘጋው ፈርቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣበቅኩት። ኋላ ጉሮሮውን ጠረገና "ያቺ ግራ ጉልበትህስ?" አለኝ።

"ደህና ናት።"

"አትዋሸኝ። አብጣለች?"

"ትንሽ።"

"ማነው የሚያሽልህ?"

"ማንም" አልኩት።