የመራጩ ድርቆሽ

ይህን መጀመሪያ የነገረችኝ ወፍጮ ቤት ያለችው ክሬሴንስ ናት። እሷ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቀው፤ እንደኔ አሳምሮ የሚያወራው ሰው ከተራራው መንደራችን ከትሪዘንበርግ እስከ ታች ከተማው ፋዱትስ ቢፈለግ አይገኝም።

ማይንራድ ዘሌ አንዲት ላምና አንዲት ተዳፋት የሣር መሬት ነበሩት። ያን ዓመት መንደሩ መራጭ አድርጎ ላከው። ያኔ የምክር ቤት እንደራሴውን ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም፤ መንደሩ መራጮችን ይመርጣል፣ እነሱ ደግሞ ፋዱትስ ወርደው እንደራሴውን ይመርጣሉ። የኛ የተራራ ሰዎች ብሶት የራይን ወንዝ ግድብ ነው። ወንዙ የሚያጥለቀልቀው የቆላዎቹን እርሻ፣ ለግድቡ ግንድ የምንጎትተው እኛ! እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ሰባት ግንድ ብቻዬን አውርጃለሁ፤ በሬ ሳይቀር ቆሞ አይቶኛል። አሎይስ ቢውለር እንደራሴ ከሆነ ይህን ሸክም አስቀንሳለሁ ብሎ ነበር።

የምርጫው ጥሪ ታዲያ ማይንራድ ሣሩን ባጨደ ማግስት መጣ። ሚስቱ ቴሬስ አራስ ናት፤ ድርቆሹን የሚሰበስብለት የለም። የብርዱ ወራት በረዶ እስኪያልፍ ላሟ የምትበላው ደግሞ እሱን ብቻ ነው።

ቢሆንም ሣሩን እንደተዘረጋ ትቶ ፋዱትስ ወረደ። በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ጠፋ። በሁለተኛውም እንደዚያው። ተራራው ላይ ደመና ቆመ።

ባለ ወይኑ ቮልፊንገር፣ የቆላዎቹ ሰው፣ ወደ መስኮቱ ጠቆመ። «ማይንራድ ወንድሜ፣ ሂድ እንጂ! ድርቆሽህ ሾርባ ሊሆንልህ ነው።»

«አንተ ወይንህን ጠብቅ።»

«የኔ ወይን ውሃ ይወዳል!» ቆላዎቹ ሳቁ። የኛዎቹ ለሣራቸው ፈርተው እንዲሄዱ ቆጠራውንም ሆን ብለው ያጓትቱታል።

ክሳቨር የሚባል ጎረቤቱ፣ እሱም የኛ መራጭ፣ ሊሄድ ባርኔጣውን አነሳ።

«ቁጭ በል አንተ!» አለው ማይንራድ።

«ላሞቼን አንተ ትቀልብልኛለህ?» ብሎት ወጣ።

ማይንራድ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን አየ፣ ተመለሰ። ባርኔጣውን አደረገ፣ አወለቀ። ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም በሦስተኛው ዙር ስሙ ተጠራ፤ የድምፅ ወረቀቱን ሰጠ። ቢውለር በአንድ ድምፅ አለፈ።

ማይንራድ ፌሽታውን አልጠበቀም፤ ሽቅብ ሮጠ። ዝናቡ ግን ቀድሞታል። ሳምንት ሙሉ አላባራም፤ ድርቆሹ ጠቁሮ ሸተተ።

ቢውለር አንድ ጋሪ ድርቆሽ ጭኖ መጣ። «እንካ፣ የኔ ተርፏል።»

«መልሰው።»

«ሰውዬ፣ ላምህ ምን ልትበላ ነው?»

«ያንተን ከበላችማ ቮልፊንገር፣ ማይንራድ ድምፁን በአንድ ጋሪ ድርቆሽ ሸጠ ብሎ ያወራል። ያኔ ስለ ግንዱ ብታወራ ማን ይሰማሃል?»

ቴሬስ ከውስጥ ጮኸች፦ «ተቀበለው አንተ ግትር! ላሟ ካልበላች ምን ወተት ልንጠጣ ነው?»

አልተቀበለም። ጋሪው እንደተጫነ ወረደ።

በረዶው ሳይጥል ላሟን ገበያ አወጣት። ድርቆሽ እንደሌለው ገበያው ሁሉ ሰምቷል፤ ማን ደህና ዋጋ ይሰጠዋል? በግማሽ ዋጋዋ ሸጣት።