የጭረቷ ቦታ

ዛሬ የሀብታሞቹ ሰፈር ማዓዲ ውስጥ የሚከራይ ቤት የሚያሳየኝ ደላላ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ሲከፍት የማጽጃ ክሎር ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። በሩ ላይ በእንግሊዝኛ «ሜይድስ ሩም» ተብሎ ተጽፏል። ከ«ኤስ» በፊት ከላይ የምትንጠለጠለው ጭረት ግን የለችም።

ያቺን ጭረት ያስተማሩኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ልጅ ሳለሁ ዓርብ ዓርብ አይን ሻምስ ሰፈር ቤታቸው ውስጥ የስደተኛ ልጆችን ሰብስበው እንግሊዝኛ ያስጠኑን ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እየጻፉ የእናቶቻችንን ሥራ አጻፉን። «ሜይድ» አንዲት ሠራተኛ፣ «ሜይድስ» ብዙ ሠራተኞች፤ ጭረቷ ስትገባ ደግሞ «የሠራተኛዋ ክፍል» ይሆናል አሉን።

«ባለቤት የምታደርጋት ጭረቷ ናት!» ብለው፣ ጭረቷን በመርሳቴ ጆሮዬን ቆነጠጡኝ።

ለካ እማዬ ልትወስደኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ማዓዲ ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር የማገኛት ዓርብ ብቻ ነበር። እጇ ክሎር ክሎር ይሸታል።

«ጋሽ ታደሰ፣ ክፍሉ የሠራተኛዋ ከሆነ ቁልፉ ማዳሟ ጋ ምን ይሠራል?»

«እኔ የማስተምረው ሰዋስው ነው፤ አርፈሽ ቁጭ በይ።»

«ልጄ ከውጭ የሚቆለፍብኝን ክፍል የእናቴ ነው ብላ ትደግ?»

ወደ ሰሌዳው ሄዳ ጭረቷን በመዳፏ አጠፋቻት። ጋሽ ታደሰ መልሰው ጻፏት። ደግማ አጠፋቻት።

«ያዕኒ፣ ማለቴ ዕቃ ማስቀመጫም ይሆናል» አለኝ ደላላው፣ ጽሑፉ ላይ ማፍጠጤን አይቶ።

በሩን ሳብ አድርጌ አየሁት። የዚህኛውም መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ነው።