ባዶ ተሳቢና ቀይ ቆብ

መኪና በእጃችን በምንገጣጥም ሰዎች ማኅበር፣ መኪናህ ስንት ፈጀች ብሎ የሚጠይቅህ የለም። የሁላችንም መኪና ከዋጋዋ በላይ እንደፈጀች እናውቃለን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ነድተህ ነው የመጣኸው?" በየዓመቱ በግንቦት ከእንግሊዟ ኮቨንትሪ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ለትርኢት ስንሰበሰብ፣ በር ላይ ቆሜ ይህን የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሰውየው "አዎ" ካለ አለቀ፤ ቃሉን እንቀበላለን። መኪናውን በተሳቢ ጭኖ የመጣ ግን ወዮለት። "ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?" የሚለው፣ ባርኔጣውን አውልቆ "ነፍስ ይማር" የሚለው ብዙ ነው። ቀልድ ነው እንላለን። ቀልድ ደግሞ ሰውን እንደሚያስዋሽ የገባኝ ባሪ ኦግደንን ካየሁ በኋላ ነው።

የእኛ መኪኖች ተሠርተው ካለቁ በኋላ የተገዙ አይደሉም። ቦዲው ከትንሽ ወርክሾፕ በፋይበርግላስ ተሠርቶ ይመጣል፣ ሞተሩና ካምቢዮው ከአሮጌ የቤት መኪና ይፈታል፤ የቀረው የባለቤቱ ጣትና የሚስቱ ትዕግሥት ነው። ባሪ ርቃ በሰሜን ባለችው በዊትቢ ከተማ ለሰው ቤት መስኮት ሲገጥም ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መኪናዋን ያገኛት አንድ ገበሬ ጋ፣ ዶሮ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ጎረምሳ በዘመኑ ገጣጥሟት፣ ሰልችቶት ጥሏት ኖሯል። ሻንሲዋ ዝጓል፣ ወንበሯ ላይ ዶሮዎች ይታቀፉበታል። ባሪ ጎትቶ ቤቱ አስገባትና ስድስት ዓመት ታገላት።

ብቻውን ግን አልታገላትም። ሚስቱ ግሌንዳ ቦዲውን በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ ክረምቶች አልፈዋል። ወንበሮቹን በቀይ ሰው ሠራሽ ቆዳና በነጭ ክር የሰፋቻቸው እሷ ናት፤ መርፌው አንድ ጊዜ ጣቷን በስቶ ወጥቷል። ከተረፈው ቆዳ ለራሷ ቆብ ሰፋች። በዚያች ቆብ፣ በባሏ ጎን ተቀምጣ፣ በሜዳው በር መግባት ነበር ምኞቷ። ሌላ አልጠየቀችም።

ትርኢቱ ሳምንት ሲቀረው ባሪ መኪናዋን ለሙከራ አወጣት። ከከተማው በላይ ያለው ዳገት ላይ ፈላች። ከኋላ የነበረው አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ፤ ተሳፋሪዎቹም በመስኮት አጨበጨቡለት። ባሪ ቤቱ ገብቶ የሞተሩን ቴስታታ አወረደ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀየረ፣ ራዲያተሩን አጠበ። መኪናዋ ተሻላት፤ እሱ ግን ልቡ ተሰብሮ ቀረ። ችግሩ ደግሞ "ዘንድሮ ዋንጫው ወደ ዊትቢ ይመጣል" እያለ ለሁላችን ሲፎክር መክረሙ ነው። ዋንጫው ከአሮጌ ፒስተን የተሠራ ነው፤ በራሱ ጎማ ከሁሉ ርቆ ለመጣ ሰው ይሰጣል።

"ነድተን እንሂድ ባሪ" አለችው ግሌንዳ። "ብትፈላ ውሃ እንጨምርላታለን። ብትቆምም ቆመን ዳቧችንን እንበላለን።"

"ያ የማኅበሩ ቀልደኛ ዴዊ ምን እንደሚል አታውቂም። ተጎትቼ ብገባ ዕድሜ ልኬን መጫወቻው ነኝ።"

"እንግዲያው ጫናትና ጫንኩ በላ! ማን ይገድልሃል?"

"ጫንኩ ልበል? አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ!"

ከወንድሟ ተሳቢ ተዋሰ። መኪናዋን ጫነ፣ ሸራ አለበሳት፣ በግሌንዳ መኪና እየጎተቱ መጡ። ሜዳው ሊደርሱ ሁለት ማይል ሲቀራቸው ከዛፍ ጀርባ ካለች የመንገድ ዳር ማቆሚያ ገብተው አወረዷት።

"አንቺ ተሳቢውን ጠብቂ" አላት። "ከተሰረቀ ወንድምሽ ያርደኛል። ገብቼ ቦታ ልያዝና መጥቼ እወስድሻለሁ።"

"ቆቤን ላድርግ?"

"አድርጊያ! አሁን መጣሁ።"

አድርጋ ቆመች። የእጅ ቦርሳዋ ግን፣ ስልኳም ውስጡ ነበር፣ ቀዩ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሄደ።

በር ላይ ጠየቅሁት። "ነድተህ ነው የመጣኸው?"

"ሙሉውን መንገድ" አለኝ።

"ግሌንዳስ? ዘንድሮ እንኳ እናያታለን ብዬ ነበር።"

"ጉንፋን ይዟት ቤት ቀረች።"

ቦርሳውን አይቼዋለሁ። ረስታው ይሆናል አልኩ። ኮፈኑን መታ መታ አድርጌ አሳለፍኩት። መቼም ማማሯ! ሰዉ ከበባት። አንዱ ቀለሟን፣ አንዱ ስፌቷን ያደንቃል፤ ባሪም መሐል ቆሞ እንደ ሙሽራ ይስቃል። ለትርኢት አንዴ የገባ መኪና ሕዝቡ እስኪበተን አይንቀሳቀስም፤ ደንባችን ነው። ይህንንም ባሪ ያውቃል። ግን ሁለት ማይል በእግር ስንት ነው? ሰው ሲያሞግሰው እግሩ አልነሳ አለ። አሁን እሄዳለሁ፣ አሁን እሄዳለሁ ሲል ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ አለፈችም።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበራችን ጋሽ ሲሪል ድምፅ ማጉያውን ይዘው "ከዊትቢ ድረስ በገዛ ጎማው!" ብለው ዋንጫውን ሰጡት። አጨበጨብን። ጭብጨባው ሳያልቅ ዴዊ ከዌልስ በባለ ሦስት እግር መኪናው እየተንተፋተፈ ገባ። መንገድ ላይ ሰንሰለቱ ተበጥሶበት ነው የዘገየው፤ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነው። ከኋላው አንዲት መኪና ባዶ ተሳቢ እየጎተተች ተከትላዋለች።

"እናንተ ሰዎች!" ብሎ ጮኸ ዴዊ። "ቃሬዛውን አግኝተነዋል፤ ሬሳው የታለ?"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ።

ከኋለኛዋ መኪና የዴዊ ሚስት ኔሪስ፣ ከሾፌሩ በኩል ደግሞ ፊቷ በፀሐይ የተቃጠለ ሴት ወረዱ። መንገድ ላይ የቆመ ሰው አይተን አናልፍም፤ ይህም ልማዳችን ነው።

"ብቻዋን ቆማ አገኘናት" አለች ኔሪስ። "ስልክ የላት፣ ውሃ የላት። ሰው እየጠበቅሁ ነው ብቻ ነው የምትለው። በስንት ልመና ነው ያመጣኋት።"

ጋሽ ሲሪል ምን ያውቃሉ፤ ድምፅ ማጉያውን አነሡ። "የእመቤቲቱ ሰው ማን ነው? እዚህ ካለ ብቅ ይበል። ሰው ጃንጥላ ይረሳል እንጂ ሚስት ይረሳል እንዴ?"

እንደገና ተሳቀ። ባሪ አጠገባቸው ነው፣ ዋንጫው በእጁ። አፉን ከፈተ። ዋንጫውን አየ፣ ዴዊን አየ፣ አፉን መልሶ ዘጋ።

ግሌንዳ አየችው። ብዙም አላየችው። ከዚያ ወደ ጋሽ ሲሪል ዞራ "የለም" አለች። "የእኔ ሰው እዚህ የለም።"

ቀጥ ብላ በመሐላችን አልፋ ወደ ባሪ መኪና ሄደች። ከቀዩ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አነሣች፣ በሯን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ያን ጊዜ ነው ቆቧን ልብ ብለን ያየነው። ቀይ ቆዳ፣ ነጭ ክር። የሁላችን ዓይን ከቆቡ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ባሪ ተመላለሰ። ጋሽ ሲሪል ድምፅ ማጉያውን አጠፉት።

የእኛ ሰው ነውር ሲያይ ስለ ዝናብ ነው የሚያወራው። "ወደ ማታ ሳይዘንብ አይቀርም" አለ አንዱ። "አዎ፣ በምዕራብ በኩል ጠቁሯል" አለ ሌላው። ዴዊ፣ ያ አፉ የማይከደን ሰው፣ አጎንብሶ ደህና ጎማውን ይነካካል። እኔ መሬት እያየሁ ነበር። በባሪ አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ስንት ዓመት በር ላይ ቆሜ በሳቅሁት ሳቅ አፈርኩ። ዋንጫውን የነጠቀው የለም። ቢነጥቁት ይቀለው ነበር።

ግሌንዳ ኔሪስ የሰጠቻትን ውሃ ጠጥታ፣ አመስግና፣ ባዶውን ተሳቢ አዙራ ወጣች። ባሪ እስከ መጨረሻው ቆመ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ማንም ደህና ሁንም አላለው። መሄጃ የቀረው ያችው መኪናው ብቻ ነበረች። ሲወጣ ዝናቡ ጀመረ፤ ጣሪያ ደግሞ የላትም።

በዓመቱ ባሪ በዋናው በር መጣ፣ መኪናዋን በተሳቢ ጭኖ፣ ያለ ሸራ። ባርኔጣውን ያወለቀ ሰው አልነበረም። ዋንጫውን በጨርቅ ጠቅልሎ በመስኮት ሰጠኝ።

"ግሌንዳስ?" አልኩት።

"ቤት ቀረች" አለኝ።

"ያን ቀን ቤትህ እንዴት ገባህ?"

"ነድቼ ነዋ። እስከ ቤቴ በር። ዝናቡ ጭኔ ላይ ኩሬ ሠርቶ፣ ዓይኔን ከሙቀት መለኪያው ሳልነቅል። አንዴ እንኳ አልፈላችም።" መሪውን ጨብጦ ወደ ፊት እያየ ነው የሚያወራኝ። "ወጥ ቤት ገባሁ። ዕቃ እያጠበች ነበር። ሙሉውን መንገድ ነዳኋት ግሌንዳ፣ አልኳት።"

"እሷስ?"

"ማን አየህ? አለችኝ። ማንም አላየኝ፣ አልኩ። እጇን አደረቀች፣ ፎጣውን ቦታው ሰቀለች። እኔም አላየሁህ አለችኝና ወደ ፎቅ ወጣች።"