ሐርጌሳ ላይ ዜሮ ያደረግነው የባሕር መለኪያ

ሐርጌሳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የጠየቅሁት «ባሕሩ የት ነው?» ብዬ ነው። ወይዘሮ ሰብለ ሳቁብኝ። የሥልጠናው ኃላፊ ናቸው፤ እንደ እኔው ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ቁጥብ ሴት። «አቶ ታደሰ፣ ባሕሩ በርበራ ነው። እዚህ ያለው ቢሮው ነው» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ወጣትነቴን ምጽዋ ላይ የባሕር ጥልቀት ስለካ የጨረስኩ ሰው ነኝ። መስኮት ከፍቼ ባይ ቆርቆሮ ብቻ። ቢሯችን ያለበት የኮድቡር ሰፈር የእርስ በርሱ ጦርነት ያፈረሰበትን ቤት እንደገና እየሠራ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ነው። ከፍታ ላይ ተቀምጦ የባሕር ሳይንቲስት ማሠልጠን! በል እንግዲህ አልኩ ለራሴ።

ነገሩ ምክንያት ነበረው። መሥሪያ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ መብራቱም ያለው ሐርጌሳ ነው። ተማሪዎቹ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ አራት ወጣቶች ናቸው። ግቢ ውስጥ በርሜል ሙሉ ውኃ አድርገን መሣሪያ አጣጣል እንለማመዳለን፤ ከዚያ በመኪና በርበራ ወርደን እውነተኛውን እንሠራለን።

ከአራቱ አንዷ ሆዳን ናት። ቤተሰቧ በጦርነቱ ሸሽቶ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ የድሬ ነው። የድሬ ልጅ ደግሞ ትልቅ ትንሽ አይልም፣ ሁሉንም አንተ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተቆጥቼ ስጮህ «ማአሊን፣ አንተ ስትቆጣ ታስቃለህ እኮ አቦ!» አለችኝ። ማአሊን በሱማልኛ መምህር ማለት ነው። ወይዘሮ ሰብለንም አንቺ ስትላቸው የሚገቡበት ጠፋቸው። እኔ ወደድኳት። ሥራዋ ጥንቅቅ ያለ ነው።

እናቷ ከስደት ከተመለሱት ጋር ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር፣ ላስቲክ ለብሶ በቆመ ቤት ይኖሩ ነበር። ሥልጠናው ሲያልቅ የባሕር ጠረፉ ቢሮ ከአራቱ አንድ ሰው በቋሚነት ሊቀጥር ነው። ሆዳን ያን ሥራ ፈልጋዋለች፤ ደብቃም አታውቅም። «ያንን ወንበር ካላገኘሁ እናቴ መጪውን ዝናብ በላስቲክ ልታሳልፈው ነው» ትለኛለች።

የሆዳን ጥናት ከበርበራ ወዲያ ባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ላይ ነው። ባሕሩ ዳርቻዋን እየቆረሰ ይወስድባታል። ጀልባ የሚታሰርበት የድንጋይ መድረክ አላት፤ ምሰሶው ላይ የድሮ ለኪዎች የቀረጹት የውኃ ከፍታ ምልክት አለ። አሁን ባሕሩ ከዚያ ምልክት ምን ያህል ከፍ እንዳለ ማወቅ ነበር ሥራዋ።

መሣሪያው የግፊት መለኪያ ነው፤ ክንድ የሚያህል ብረት። ውኃው ሲጫነው ጥልቀቱን ይመዘግባል። ከመጥለቁ በፊት ግን አየር ላይ ዜሮ መደረግ፣ ማለትም ንባቡ ከባዶ እንዲነሣ መስተካከል አለበት። ይህን ደጋግሜ አስተምሬያለሁ። የት ይደረጋል የሚለውን ግን አልተናገርኩም፤ ምጽዋ ላይ ከባሕር ዳር ሌላ ቦታ መች ነበረንና።

ልጆቹ ደግሞ ጠንቃቆች ናቸው። በርበራ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ነፋሱ አሸዋ ያለብሳል፣ ባለጀልባው «ቶሎ በሉ!» እያለ ያዋክባል። ስለዚህ ከመውረዳቸው በፊት ረጋ ብለው፣ ኮድቡር ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ዜሮ አደረጉት።

መሣሪያው ባሕር ውስጥ ሰንብቶ ወጣ። ሲነበብ ባሕሩ ከድሮው ምልክት በላይ የሰው ደረት ያህል ከፍ ብሏል። ቢሮው ተናወጠ። ወይዘሮ ሰብለ ቁጥሩን ሳይናገሩ «ትልቅ ነገር አግኝተናል» ብለው ለጋሾቹንና የጠረፉን ቢሮ ሰዎች ጠሩ። የምታቀርበው ሆዳን ናት ተባለ። ወንበሩ በእጇ ገባ ማለት ነው።

በዋዜማው ሠንጠረዡን ይዛ መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ማአሊን፣ ይሄ ነገር ውሸት ነው።»

«ምኑ?»

«መሣሪያውን ልናወጣ የሄድን ቀን፣ ባሕሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ መድረኩ ላይ ሰግጃለሁ። መስገጃዬ ደረቅ ነበር። በዚህ ቁጥር ከሄድን ግን ያን ሰዓት ውኃው ጉልበቴ ድረስ ነው። ወላሂ እየዋኘሁ አልሰገድኩም!»

ሳቅሁ። ወዲያው ሳቄ ቆመ። «ዜሮውን የት ነው ያደረጋችሁት?»

«እዚሁ። ጠረጴዛው ላይ።»

ራሴን ያዝኩ። ሐርጌሳ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። በርበራ ሲወረድ አየሩ ራሱ ይከብዳል። መሣሪያው ምስኪን ያንን የአየር ክብደት ውኃ ነው ብሎ ቆጥሮታል። ገና ሳይጠልቅ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ ሆኖ፣ ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ነኝ ብሎ አምኗል።

ለወይዘሮ ሰብለ ነገርናቸው። አዳመጡና በሩን ዘጉት። «ምን ያህል እንደሚቀነስ ታውቃላችሁ?»

«በግምት» አልኩ። «በትክክል ለማወቅ ወርደን እንደገና መለካት አለብን።»

«እንግዲያው በግምቱ ቀንሳችሁ አቅርቡ። ስለ ዜሮው ማንም አይጠይቅም። ሆዳን፣ ለአንቺው ብዬ ነው።»

እውነትም ለእሷው ብለው ነው፤ ሴትየዋን አልወቅስም። ሆዳን ወደ እኔ ዞረች። ተናገሪ ብላት የእናቷን ጣራ እየነጠቅሁ ነው፤ ደብቂ ብላት ያስተማርኳት ሁሉ መና ቀረ። «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

በማግሥቱ እንግዶቹ ፊት ቆመች። «መሣሪያውን እዚህ ቢሮ ውስጥ ዜሮ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የያዝነው ቁጥር አይሠራም። እንደገና መለካት አለብን» አለች በእንግሊዝኛ። ከእንግዶቹ አንዱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሌላው ሰዓቱን አየ። እኔም ተነሥቼ «መምህሯ እኔ ነኝ፤ የት እንደሚደረግ አልነገርኳትም» አልኩ። በትህትና አመስግነውን ሄዱ።

ሥራው አብሯት ለሠለጠነው ለጓደኛዋ ለአብዲ ተሰጠ። የውኃውን ጨዋማነት ያጠና ልጅ ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ምን ይባላል። እኔ ግን ተንጨረጨርኩ። ሆዳን ግቢው ውስጥ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ «መቼ ነው የምንወርደው?» አለችኝ።

ወረድን። በዚያ ሙቀት፣ አሸዋው ላይ ተንበርክካ ዜሮ አደረገችው። ባሕሩ ከድሮው ምልክት ከፍ ማለቱ እውነት ሆነ፤ ግን በመዳፍ እንጂ በደረት አልነበረም። ለዚያ ቁጥር እንግዳ አልተጠራም። የመንደሩ ሰዎች ብቻ ቤት ሲሠሩ ከውኃው ምን ያህል መራቅ እንዳለባቸው ጠይቀውን፣ በእሱ መሠረት ነገርናቸው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ቆጨሽ?» አልኳት።

«ቆጨኝ እንጂ! ሥራውን ፈልጌው ነበር።»

«እንደገና ቢሆንስ?»

«እንደገናማ ዜሮውን ባሕሩ ጋ ነዋ የማደርገው፣ አቦ!»

እናቷ ያን ዝናብ በላስቲክ ሥር አሳለፉት።

ለእናንተ ለጀማሪዎቹ የምለው ይህን ነው። መለኪያ ዜሮ የሚደረገው ውኃው ዳር ነው። ሌላ ቦታ አድርጋችሁት ከሆነ፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ያስከፍላል። ሆዳንን አስከፍሏታል።