ወንዝ የተሻገረ መድኃኒት

አማከለች በፎገራ ሜዳ፣ ከርብ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ባሉ መንደሮች ስሟ የተጠራ መድኃኒት ዐዋቂ ነበረች። ወንድ ልጅ ያልነበራቸው አባቷ፣ ደብተራ ኃይለ ሚካኤል፣ ሙያቸውን ሲያወርሷት ሕጉንም አብረው አወረሷት፤ መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ይሞታል። ስለዚህ ታማሚ ወደ እርሷ ይመጣል እንጂ መድኃኒቷ ወደ ታማሚ ሄዶ አያውቅም።

በ1951 ዓ.ም. መባቻ፣ ጎርፉ ከሜዳው ሲሸሽ ንዳድ ተተካ። ከአንድ ቤት ሦስትና አራት ሰው ተጋደመ፤ የደረሰው ገብስ አጫጅ አጣ። አማከለች ፌጦ ወቅጣ በሎሚ እየበጠበጠች ታጠጣ ጀመር። የዳነው በእጇ ዳነ ተባለ፤ የሞተው ቀኑ ደርሶ።

በዚህ መካከል የወረታው ክሊኒክ ድሬሰር የንዳድ ኪኒን የሚያድልለት፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ሲፈልግ የቄስ ገብረ ሐናን ልጅ ገላነሽን አገኘ። ገላነሽ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ትናንት ከአማከለች ጓሮ ፌጦ ስትለቅም ያደገች ልጅ ናት። ኪኒኑን የዋጠ ሁሉ በሳምንቱ እርሻው ላይ ታየ።

በማርያም ማኅበር ዕለት፣ አማከለች ስትገባ ይነሡ የነበሩ ሰዎች ለገላነሽ ተነሡ። አማከለች የጠላ ዋንጫዋን መሬት አስቀመጠች።

«ይህች ልጅ የምታድለው ከየት የመጣ ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ከጎንደር ነው አሉ፤» አለች አንዲት ሴት።

«እንግዲያው ርብን ተሻግሯል፤ ሙት ነው። ሬሳ ትውጣላችሁ?»

«እኔስ ከዋጥሁት ወዲህ ማረስ ጀምሬያለሁ፤» አሉ አያ መንግሥቴ። «ሬሳው ከእኔ በርትቷል ማለት ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ እንደ እሾህ ወጋት፤ ቃሏ ግን መሬት አልወደቀም። ብዙ ሴቶች ኪኒናቸውን እሳት ውስጥ ጣሉ። ከርብ ማዶ የተዳረችው አንዲት ልጇ ንግሥቲም የእናቷን ቃል እንደ ዳዊት ትደግመው ጀመር።

ወር ሳይሞላ የንግሥቲ ባል አዛናው እየሮጠ መጣ።

«እመይቴ፣ ንግሥቲ ንዳድ ከያዛት ሦስት ቀኗ ነው፤ ትቃዣለች። በታንኳ እንዳላመጣት አቅም የላትም። እርስዎ ይምጡ።»

አማከለች የአባቷን ሕግ አሰበች፤ የልጇን ፊት አሰበች። ፌጦውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ከአዛናው በቀር ማንም ሳያያት ርብን ተሻገረች። አጠጣቻት። በማግስቱ ንግሥቲ ባሰባት።

አዛናው አማቱን ሳያማክር ገላነሽን አስጠራ። ገላነሽ ገብታ ኪኒኑን ስትዘረጋ ንግሥቲ ጥርሷን ገጠመች።

«ወንዝ የተሻገረ ነው፤ ሙት ነው ብላለች እናቴ።»

አዛናውና ገላነሽ ወደ አማከለች ዞሩ። እርሷ ግን ያን ጊዜ እንኳ ዓይኗ ያረፈው አዛናው ለገላነሽ ባነጠፈው አጎዛ ላይ ነበር፤ ለእርሷ የተነጠፈላት ደረቅ ቁርበት ነው። የልጇ ማቃሰት ወደ ልቧ መለሳት።

«ልጄ፣ ትናንት ያጠጣሁሽም ርብን ተሻግሮ የመጣ ነው። ሕጉን ራሴ አፈረስሁት፤ አልረዳሽም። የዚህችን የዋጡት ሲነሡ በዓይኔ አይቻለሁ። ሙት ነው ያልሁት ቀንቼ ነው።»

ገላነሽ አቀረቀረች። «እህል ቀምሳ ነው የምትወስደው፤ እርስዎ ያጉርሷት እትዬ፤» አለች ቀስ ብላ። ይህ ደግነቷ አማከለችን ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት።

ንግሥቲ ከእናቷ እጅ ጎረሰች፤ ኪኒኑን ከገላነሽ እጅ ዋጠች። በአራተኛው ቀን ተነሥታ ተቀመጠች።

አማከለች ወደ ቤቷ እንደተመለሰች የንግሥቲን መዳን የሰሙ ሴቶች ደጃፏን ሞሉት።

«ንግሥቲን ምን አጠጥተው አዳኗት?»

ዝም ብትል ኖሮ ክብሯ በዚያው ቀን በተመለሰላት ነበር።

«ያዳነቻት ገላነሽ ናት፤» አለች። ስሟን ስትጠራ አፏ ኮመጠጣት።

ሴቶቹ ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ ገላነሽ ቤት አቀኑ። አማከለች አጥሩ እስኪጋርዳቸው ድረስ ቆማ አየቻቸው፤ ሰባት ነበሩ።