ዶሮ የታቀፈችባት ማኪና

ባለፈው ሳምንት ማደያ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ጄሪካኑን ሲያነሣ ቤንዚን ጫማዬ ላይ ደፋብኝ። ደንግጦ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ጫማዬ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ፤ ተቆጣ ብሎ ሳያስብ አልቀረም። እኔ ግን አልተቆጣሁም፤ ሽታው ይዞኝ ሄዶ ነው። ቤንዚኑ ላይ አፍንጫዬ ከራሱ ሁለት ነገር ጨመረበት፤ ያረጀ የመቀመጫ ቆዳና የዶሮ ኩስ። የሦስቱን ድብልቅ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በጎንደር ምድር ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ልንገርህ።

ጣሊያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ጨርቅ የምገዛው አዲስ ዓለም ሰፈር ካሉ አንድ ሐጂ ሱቅ ነው። ጨዋታ አዋቂ፣ ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ በር የሚወጣ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የኮት ገበር ፈልጌ ስሄድ ሱቁ ውስጥ አልቆ ኖሮ፣ «ና፣ ጓሮ መጋዘን አይጠፋም» ብለው ይዘውኝ ገቡ።

መጋዘኑ ጨለማ ነበር። በቆርቆሮው ሽንቁር የገባች የፀሐይ ጨረር ግን ጆንያ የተከመረበት አንድ ነገር ላይ አርፋለች። ከጆንያው ሥር ክብ መስታወት እንደ ዓይን ብልጭ አለብኝ። ገልጬ ሳይ አንዲት ቀይ ዶሮ ላባዋን ነፍታ ተቆጣችኝ። የተቀመጠችው የሹፌር ወንበር ላይ ነው።

«ምንድን ናት፣ ሐጂ?»

«ማኪና ነበረች፤ አሁን የዶሮዬ ቤት ናት። ባለቤቷ ጣሊያን አገሩ ሊገባ ሲል በበቅሎ ለወጠኝ።»

«እርስዎ ነድተዋት ያውቃሉ?»

ሐጂው ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። «እኔ ከገባሁባት ማን ያወጣኛል? በቅሎዬ ትሻለኝ ነበር!»

ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ለውድድር የተሠራች ማኪና ነበረች። አፍንጫዋ ረጅም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ጎማዎቿ እንደ ብስክሌት ባለ ሽቦ። ቀይ ቀለሟ አቧራ ጠጥቶ የከረመ በርበሬ መስሏል። የሸራ ጣሪያዋን አይጥ በልቶታል። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝና ቅድ አውቃለሁ፤ ከአፍንጫዋ ተነሥቶ በበሯ አልፎ እስከ ጅራቷ በአንድ ትንፋሽ የሚወርደውን መስመር ሳይ የመጣሁበትን ገበር ረሳሁት። እንዲህ ያለ ቅድ በጨርቅም አይቼ አላውቅም።

እንዲሸጡልኝ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለመንኳቸው። በመጨረሻ እሺ ሲሉኝ አንድ ነገር አስማሉኝ፤ ዶሮዋ እስክትፈለፍል ድረስ ማኪናዋን እንዳልነካ። «እሷ ቀድማህ ገብታለች» አሉኝ። ዐሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩ። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ እየሄድኩ፣ እንደ አራስ ጠያቂ፣ ዶሮዋን አይቼ እመለስ ነበር።

ከዚያ አዘዞ የጭነት ማኪና የሚጠግን መካኒክ አመጣሁ። ሳምንት ሙሉ ሞተሯን ፈታትቶ አጥቦ ገጠመ። ሸራውን እኔ ሰፋሁ። የመቀመጫውን ቆዳ ለመጣል ስላልጨከንኩ ጠጋገንኩት፤ ሽታው በሳሙናም በአመድም አልለቅ አለ።

የተነሣች ዕለት መጀመሪያ አነጠሳት፤ ከዚያ አሳላት፤ ከዚያ ድምፅዋ ተስተካክሎ ደረቴ ውስጥ ገባ። መንዳት የተማርኩት አዘዞ ሜዳ ላይ በአንድ ደንበኛዬ የጭነት ማኪና ነበር። ይህ ግን ሌላ ነው። የግንቡን አጥር ተከትዬ ወደ ቀሐ ወንዝ ስወርድ መሬቱ ከወንበሬ ሥር እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ እጄን በበሩ አሳልፌ ብዘረጋ አስፋልቱን የምዳስሰው መሰለኝ። ነፋሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ተወልጄ ያደግሁባትን ከተማ ያን ቀን ገና ያየኋት መሰለኝ። ብቻዬን እየጮህኩ እስቅ ነበር፤ የሚሰማኝ ሰው መኖሩ ትዝም አላለኝ።

ከተማው ወዲያው ስም አወጣላት፤ «ቄቧ»። በደባርቅ መስመር የሚሠራው የአውቶቡስ ሹፌር በተለይ ባየኝ ቁጥር አንገቱን አውጥቶ፣ «ቄብህ ዛሬስ እንቁላል ጣለች?» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ። በዚያ ሰሞን የማያስቀኝ ነገር አልነበረም።

ያላሳቁኝ አባቴ ብቻ ነበሩ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። እኔን ወራሻቸው ሊያደርጉ ከሕፃንነቴ ጀምረው ዜማ ሲያስቆጥሩኝ ኖረው፣ በዐሥራ አምስት ዓመቴ ጥዬ ወደ መርፌ ሄድኩባቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንጂ ጨዋታ አልነበረንም። ማኪናዋን ደጃቸው ይዤ ስሄድ በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ አንድ ጊዜ ዞሯት።

«ሁለት ሰው ብቻ?» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«ለሽማግሌ ቦታ የላት፣ ለእንግዳ ቦታ የላት። የብቸኛ ሰው ማኪና ናት» ብለው ገቡ።

ከሹፌሩ ፌዝ ሁሉ ይህች ቃል ወጋችኝ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ የጥር ማርያም ዋዜማ ዕለት ጠዋት፣ ከደባርቅ የመጣ የጭነት ማኪና ሱቄ በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ ለአባቴ መልእክት ይዞ ነበር። ላኪው የአባቴ አስተማሪ ናቸው፤ ድጓን ያስተማሯቸው የኔታ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ዕድሜያቸውን የሚያውቅ አልነበረም። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ማኅሌቱን የሚመራው ሰው ታሞብናል፤ የእኔም ድምፅ አልቋል። ልጄ ሳይመጣ ዋዜማው አይጀመርም ብያለሁ። እጠብቀዋለሁ።»

ሮጬ ለአባቴ ነገርኳቸው። ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወዲያው ወጡ። አውቶቡሱ ግን ከሄደ ሁለት ሰዓት ሊሆነው ነው። ወደ ሰሜን የሚሄድ ሌላ ማኪና አልተገኘም። ቄቧን አስነሥቼ ስደርስ አባቴ መንገድ ዳር ቆመው፣ ነጫጭ ልብሳቸውን ነፋስ እያራገበው፣ ወደ ወገራ ተራራ ያያሉ። ያን ያህል የተጨነቀ ፊታቸውን አይቼ አላውቅም።

«አባ፣ ይግቡ» አልኩ።

ዓይናቸውን ከተራራው አላነሡም። «ይህች ነገር ወገራን ትወጣለች?»

«አላውቅም።» እውነቴን ነው፤ ከከተማ ርቃ ሄዳ አታውቅም።

ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። «እንግዲህ እመቤቴ ታውቃለች» አሉና ገቡ። መቋሚያው አልገባ አለ። ሸራውን ወደ ኋላ ገለበጥኩት፤ እሳቸውም መቋሚያቸውን እንደ ባንዲራ ዘንግ አቁመው ያዙ።

ዳገቱን በዝግታ አጋመስን። ኮሶዬ ከሚባለው አፋፍ ስንደርስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣና ቆምን። በግራችን ገደሉ እስከ ሰማዩ መጨረሻ ተዘርግቷል፤ እኔ ግን የማየው የአባቴን ፊት ነው። ነጠላቸውን፣ የክብረ በዓል ነጠላቸውን፣ አጣጥፈው ሰጡኝ። «እጅህን እንዳያቃጥልህ» አሉኝ።

በረድ ሲል የውሃውን ክዳን በነጠላቸው ይዤ ከፈትኩ። እንስራ ያዘለች አንዲት የአገሩ ሴት አጠገባችን ቆማ ነበር።

«ምነው አያ፣ ታማባችሁ ነው?» አለች አባቴን።

«ውሃ ጠምቷት ነው፣ ልጄ።»

እንስራዋን አውርዳ እያንቆረቆረች አጠጣቻት። ሞተሩ ሲነሣ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ሸጋ ናት! በሰላም ያድርሳችሁ!»

ከዚያ በኋላ የወገራ ሜዳ ተዘረጋልን። ገብሱ ታጭዶ ገለባው ቢጫ ሆኗል፤ አየሩ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነበር። እግሬን ጫን አደረግኩ። ቄቧም ለዚህ እንደተፈጠረች ያን ጊዜ ገባኝ፤ ድምፅዋ ከማሳል ወደ ዝማሬ ተለወጠ። አባቴ በአንድ እጃቸው ጥምጣማቸውን፣ በሌላው መቋሚያቸውን ይዘዋል። ሰረቅ አድርጌ ሳያቸው ጥርሳቸው ይታያል። አባቴ ይስቁ ነበር።

ዳባት ሳንደርስ ከፊታችን አቧራ አየን።

«ያ አውቶቡሱ አይደለም?» አሉ።

«ነው፣ አባ። በየመንደሩ ይቆማል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ክላክሱን ነፍቼ ወደ ጎን ወጣሁ። ለንግሥ የሚሄዱት ሴቶች በመስኮቱ ሲያዩን እልልታው ቀለጠ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣና አቧራችንን ቃመ። አባቴ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ባረኩት። እንዲህ ያለ ድል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም።

ደባርቅ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። ደብተራዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከበሮውን መሬት አስቀምጠው ይጠብቃሉ። የኔታ ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ እግራቸው ላይ ወደቁ።

«በምን መጣህ? አውቶቡሱ ገና ነው አሉኝ።»

«በልጄ ማኪና፣ የኔታ።»

«የትኛው ልጅህ? ያ ዜማውን የተወው?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አዎ። እሱ ነው ያደረሰኝ።»

የኔታ እጃቸውን በአየር ላይ ዘረጉ፤ ቀርቤ ሳምኳቸው። ጣቶቻቸው ፊቴን፣ ከዚያ መርፌ ያጠነከረውን አውራ ጣቴን ዳሰሱ። «እንግዲያስ የዛሬውን ዋዜማ የጀመረው እሱ ነው» አሉ ለሁሉም እንዲሰማ። አባቴም ቆሙ፤ ጸናጽሉ ተነሣ፤ ድምፃቸው ያንን ደብር ሞላው። በልብስ ሰፊነቴ ሳላፍር ከመካከላቸው የቆምኩት ያን ቀን ነው።

የኔታ ክረምቱ ሳይገባ ዐረፉ። ለመጨረሻ ጊዜ ማኅሌት የሰሙት ያን በዓል ነበር ይባላል።

የምመለስባት ትዝታ ግን የመልሱ ጉዞ ናት። በማግስቱ በዓሉ አልፎ ስንመለስ፣ ሜዳው መሃል አባቴ ቀስ ብለው ማዜም ጀመሩ፤ በሕፃንነቴ ያስቆጠሩኝን። አንድ ቦታ ደርሰው ቆሙ። መቀበል የእኔ ተራ ነበር። ስንት ዓመት ያልዘመረው ድምፄ ሻከረ፤ ግን ተቀበልኩ። አላረሙኝም። ቀጠሉ፤ ቀጠልኩ።

እንዲህ እያልን የጎንደር ቁልቁለት ጋ ደረስን፤ ከተማዋ ከታች ታየች። ማርሽ ቀነስኩ። በእግሩ የሚቀድመን መንገደኛ እስኪኖር ድረስ ዘግይቼ ነዳሁ፤ መንገዱ እንዳያልቅብኝ ነው።

አባቴ ያወቁብኝ ይመስለኛል። ዜማቸውን ሳያቋርጡ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳርፈው፣ «ቀስ በል» አሉኝ፣ «የሚያስቸኩለን የለም።»